ሁለት እንቁላል

ሴትዮዋ ሁልጊዜ እኩለ ቀን ላይ ትመጣለች። ግራጫ ኮቷን ለብሳ፣ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ናይሮቢ ውስጥ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከቆመው የኦዴራ ጋሪ ሁለት ቅቅል እንቁላል ትገዛለች። ስትበላ ግን አይቷት አያውቅም። መንገዱን ተሻግራ ማዶ ላለው የጥበቃ ሠራተኛ ትሰጠዋለች።

ኦዴራ በተማረበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሕግ ተማሪዎች ሥራ የምታፈላልገው እሷ ናት። ኦዴራ በተመረቀ በዓመቱ ደውላ የት እንደሚሠራ ጠይቃው ነበር። «ፍርድ ቤት በር ላይ እንቁላል እሸጣለሁ፣ ማዳም» አላት፤ አልደበቃትም። አዳዲስ ተማሪዎችን ለመሳብ እሷ በቀይ እስክሪብቶዋ አርማ የምታሳትመው ወረቀት ሲወጣ ግን፣ ክራባት ካሰረበት ፎቶው ሥር «ፍርድ ቤት ይሠራል» ይላል።

ዛሬ እንቁላሉን እየጠቀለለላት፣
«እህቴ ሕግ ልትማር እርስዎ ጋ ተመዘገበች» አላት።
ሴትዮዋ የዘረጋችውን እጇን መለሰች። «አንተ እንቁላል እንደምትሸጥ እህትህ አታውቅም እንዴ?»
«ቤት መናገር አፍሬ ነበር፣ ማዳም። ወረቀቱን የላክሁላቸው እኔው ነኝ።»

ሴትዮዋ እስክሪብቶውን ከጆሮዋ ነቅላ ኪሷ ከተተችው። ዛሬ መንገዱን አልተሻገረችም። እንቁላሎቹን እዚያው ቆማ ላጠችና አንዱን ለእሱ ሰጠችው። ጨው እንኳ ሳይነሰንሱበት፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ በሉ።