የቀላው እሬት

በደርግ ጊዜ ነው። በዚያ ዓመት ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሳ ዶሮዎቻችን የሚጥሉት የተቀቀለ እንቁላል ነበር፤ ወላሂ፣ የጎደለው ጨው ብቻ ነው! እኔም ገበያ መሃል ቆሜ፣ «የኮረብታው እሬት ቀልቷል። እሬት የሚቀላው ውኃ ሲጠማው ነው፤ ሣሩ ሳያልቅ ከብታችሁን ወደ ወንዝ ዳር አውርዱ» ብዬ ለፈፍኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የልጄ እኩያ፣ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«አንተ! ድርቅ መጣ እያልክ ሕዝብ ታሸብራለህ? ና እሬቱን አሳየኝ። ዋሽተህ ከሆነ ትታሰራለህ!»

«እውነት ከሆነስ?»

«እውነት ከሆነማ የባሰ ነው!»

ወጣን። እሬቱ ቢቀላም እስር፣ ባይቀላም እስር። ኮረብታው ላይ ስንደርስ ግን እሬት የሚባል ነገር የለም። አንድ ግመል የመጨረሻዋን ቀይ ቅጠል ፊቱን እያጨማደደ ያኝካል።

ሊቀመንበሩ ግመሉን አየ፤ ራቁቱን የቀረውን መሬት አየ። ግመል ምን ቢያጣ ነው እሬት የሚበላው? ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ፣ ሞቴ ደረሰ ብዬ ሸሃዳዬን ያዝኩ። እሱ ግን ግራር ላይ አስደገፈውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፦

«ጋሼ፣ ለእኔም ላሞች ወንዝ ዳር ቦታ ይፈልጉልኝ።»