ወደ ሐውባን የሚወስደው መንገድ

ኡስታዝ ሸውቂ የመን ውስጥ፣ ታኢዝ ከተማ ፊዚክስ ያስተምራል። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ተቂያ ናት። እሷ የምትኖረው ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ ሐውባን የሚባል ሰፈር ነው፤ ከጦርነቱ በፊት በሚኒባስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር። የጦር ግንባሩ ከተማዋን ለሁለት ሲከፍላት ግን መንገዱ ፈንጂ ተቀበረበት፤ ተራራውን ሁሉ መዞር ግድ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ለወጣ ሰው ግን የተቂያ ቤት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ርቀትን ለፍጥነት ስናካፍል ጊዜን እናገኛለን» ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ተማሪዎቹ አይለቁትም።

«ኡስታዝ፣ በየትኛው መንገድ? በወፍ ነው በእኛ?»

ክፍሉ ያውካካል። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የተቂያ ልጅ ኢልሃም ደወለች። «አጎቴ፣ እማዬ ልቧ ደክሟል። ሐኪሙም ተስፋ ቆርጧል። ጥሩልኝ እያለች ነው።»

ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት።

«ሸውቂዬ፣ መቼ ትደርሳለህ? የሒሳብ ሰው አይደለህ? ቁርጡን ንገረኝ።»

የዙሪያውን ርቀት አሰበ፤ የሚሳፈርባትን መኪና ፍጥነት ለዳገቱና ለድንጋዩ ቀነሰ፤ ለፍተሻ ጣቢያዎቹ ጊዜ ጨመረ።

«ከሰዓት በኋላ፣ ለአስር ሶላት እደርሳለሁ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው እጠብቅሃለሁ።»

ዳገቱ ወገብ ላይ ዱቄት የጫነ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው ቋጥኝ። ሸውቂ ከተሳፈረባት መኪና ወርዶ ሊሮጥ ሲል ሾፌሯ እጁን ያዘው።

«አብደሃል? ዳር ዳሩ ፈንጂ ነው!»

የስልክ መስመር አልነበረም። ቁጭ ብሎ ጥላው ሲረዝም አየ።

ሐውባን የደረሰው ጀንበር ጠልቃ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው። በሩን የከፈተችው ኢልሃም ዓይኗ አብጧል።

«ሳይመሽ ቀበርናት፣ አጎቴ። የአስር አዛን ሲሰማ ደግፋችሁ አስቀምጡኝ አለች። በሩን እያየች ቆየች። ‹ሸውቂ ተሳስቶ አያውቅም› አለችና ሰዓቱ ሲያልፍ አረፈች። ምነው ሰዓት ባልነገርካት!»

ልትወቅሰው ብላ አልነበረም። እሱ ግን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለ።

ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። ያ የርቀትና የፍጥነት ምዕራፍ ሲደርስ ግን ለባልደረባው ይለቅ ጀመር፤ ለምን ብሎ የጠየቀውም የለም።

ከዓመታት በኋላ አጭሩ መንገድ ከፈንጂ ጸድቶ ተከፈተ። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንዱ ከረሜላ ይበትናል። ሸውቂ መቀመጫውን በቅጡ ሳያሞቅ ሐውባን ገቡ።

«ውረድ እንጂ አባቴ፣ ደርሰናል!» አለው ሾፌሩ።

እሱ ግን ዓይኑን ከእጅ ሰዓቱ ሳይነቅል እንደተቀመጠ ቀረ፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ኋላ አጠገቡ የነበረች ሴትዮ ክንዱን ይዛ አወረደችው።