መታጠፊያው ላይ የፈሰሰው ጠጠር

ልብስ ሰፊዋን አብረዋት የሚሠሩት የፋብሪካ ሴቶች «ቀስ በቀስ» ነበር የሚሏት። ብስክሌት ስትነዳ ከኤሊ አትሻልም። «አንቺን ስንጠብቅ ጡረታችን ደረሰ እኮ!» እያሉ ይስቁባታል።

ያስተማራት አናጢው ባሏ ነው። ጠዋት ጠዋት እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ይወጣሉ። ስባሪ ጠርሙስ ወይም ድንጋይ ሲያይ ከሩቁ በእጁ እየጠቆመ ይጮህላታል።

«ድንጋዩን አትዪው፣ ማለፊያውን እዪ! ዓይንሽ የሄደበት ጎማሽም ይሄዳል።»

ጠጠር ላይ ፍሬን እንዳትይዝ፣ መሪውን አቅንታ እንድታልፍ፣ ኋላዋን ሳታይ ወደ መሀል እንዳትገባም አስተምሯታል።

ሰፈራቸው ሕንፃ መሠራት ሲጀምር ግን ገልባጭ መኪኖች መታጠፊያው ላይ ጠጠር ያፈሱ ጀመር። አናጢው ወገቡን አሞት የተኛ ቀን ብቻዋን ወጣች። ጠጠሩን ከሩቅ አይታዋለች፤ ፍጥነቷንም ቀንሳለች። ድንገት ከኋላዋ ሚኒባስ ጥሩምባውን አምባረቀባት። ክው አለች። የፊት ፍሬኑን ጨምድዳ ያዘች፤ ብስክሌቱ ከሥሯ ሸሸ፤ በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች።

የተሰበረው አጥንት ገጠመ። ጣቶቿ ግን ጨርቅ አልይዝ አሉ። የፋብሪካው ኃላፊ «ሲሻልሽ ትመጫለሽ» ሲላት፣ በእሷ የስፌት መኪና ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ትሰፋ ነበር።

አናጢው ወደ ሕንፃው ሄዶ ጠጠሩን እንዲያነሱ ለመነ።

«ወንድሜ፣» አለው ጥበቃው፣ «እኔ የምጠብቀው በር ነው፤ መንገድ አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመግባቱ በፊት መጥረጊያ ይዞ ራሱ ይጠርግ ጀመር። እሱ ይጠርጋል፣ እነሱ ያፈሳሉ። አንድ ጠዋት ሚስቱ በእግሯ ተከትላው መጣች።

«ተው በቃ። ወገብህን ደግሞ ልትጨርሰው ነው?»

«ሌላ ሰው ይወድቃል።»

«እኔ እንደሆን ወድቄያለሁ። ከእንግዲህ ብስክሌት ላይ አልወጣም።»

መጥረጉን ቀጠለ። ወዲያው አንድ ገልባጭ ታጠፈና የጠረገው ላይ እንደገና ጠጠር አፍስሶ አለፈ። አናጢው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። በትዳር ዘመናቸው ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። አጠገቡ ተቀመጠች።

ቆይቶ ተነሣ። «ረፈደብኝ» አለና መጥረጊያውን አቀበላት። በግራ እጇ ተቀበለችው። እሱ ብስክሌቱን እየገፋ ጠጠሩን ተሻገረ፤ እሷ ወደ ቤት ተመለሰች።