አማቴ ከአባታቸው ትከሻ ላይ ያዩት ኮከብ

ልጆቹ ሰሞኑን አላስቀምጥ ብለውኛል። «አያቴ፣ ያን የኮከቡን ነገር ንገሪን» ይላሉ። ስጀምርላቸው ደግሞ «ይኸው፣ ዋናውን ትተሽ ሄድሽ!» እያሉ ይስቁብኛል። አልዋሹም፤ እኔ ወሬ ስጀምር ከኮልፌ ቀራንዮ ለመድረስ በሰበታ የምዞር ሴት ነኝ። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ብዞርም በመጨረሻ መድረሴ አይቀርምና ታገሡኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከግድግዳ ነው። ያኔ ኮልፌ ውስጥ የጭቃ ቤት ነበረን። ጭቃው እንዳይራገፍ፣ ብርዱም እንዳይገባ ሁሉም ሰው ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ይለጥፍ ነበር። ባለቤቴ ከሚሠራበት መሥሪያ ቤት የሚጣል አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ተሸክሞ ያመጣል፤ እኔ ዱቄት በውሃ አፍልቼ ሙጫ እሠራለሁ። ለእንቁጣጣሽ በአሮጌው ላይ አዲሱን እንደርባለን። አይጦቹ ሙጫውን ስለሚወዱት በወረቀቱ መሃል መንገድ አውጥተው ነበር፤ ማታ ማታ ዜና ሲያነቡ ይሰማል እያልን እንስቅ ነበር።

ታዲያ ፊደል ሳላውቅ የለጠፍኩት ስለሆነ ግማሹ የተገለበጠ ነው። ሥዕል ካለው እግሩንና ራሱን አይቼ አቀናዋለሁ፤ ሥዕል የሌለው እንደ ዕድሉ ነው። ማንበብ የቻልኩ ጊዜ ቤቴ አዲስ ሆነብኝ! ሽንኩርት እየከተፍኩ አነባለሁ፤ ልጅ እያጠብኩ አነባለሁ። ለስንት ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ግድግዳ በአንድ ጊዜ አፍ አወጣ። ስለ አንድ የጠፋ በሬ የተጻፈ ዜና ነበረ፤ መጨረሻው ከቁም ሣጥኑ ኋላ ስለገባ በሬው ይገኝ አይገኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አየሽ፣ ይሉኛል አሁን ልጆቹ። እሺ፣ ተመለስኩ።

አማቴ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። የመርፌ ቀዳዳ አይታያቸውም፤ የሩቁን ግን ከማናችንም በላይ ያያሉ። ፌርማታው ላይ ማን እንደወረደ ከደጃፋችን ሆነው ይነግሩናል። እኚህ ሴት ዕድሜ ልካቸውን የሚያወሩት አንድ ነገር ነበራቸው። ሕፃን ሳሉ፣ በጥምቀት ማግስት ቃና ዘገሊላ ዕለት፣ የሚካኤል ታቦት ገብቶ ሰው ሲበተን፣ አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ጭራ ያለው ኮከብ አይተዋል። ፀሐይ ጠልቃለች፤ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ገና ቀይ ነው፤ አባታቸው በጣታቸው እያሳዩ «ያውልሽ፣ ፈረስ ይመስላል» አሏቸው።

አባታቸው በመጣው ክረምት ሞቱ። አማቴ መልካቸውን አያስታውሱም። የቀራቸው ያ ትከሻና ያ ጣት ብቻ ነው። ወንድሞቻቸው ደግሞ «አንቺ ያን ጊዜ ንዳድ ይዞሽ ነበር፣ ስታልሚ ነው» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። አማቴም ይኼን በነገሩን ቁጥር መጨረሻው አንድ ነው፤ «ኮከቡ ሕልም ከሆነ እንግዲህ አባቴም ሕልም ነው» ይላሉ።

በ1978 ሁዳዴ ላይ ነው። የአማቴን አልጋ አንስቼ ስጠርግ ከኋላው አንድ ተገልብጦ የተለጠፈ ገጽ አየሁ። አንገቴን አጣምሜ ማንበብ ጀመርኩ። ጎረቤቴ ከእኔ ጋር ነበረች፤ ኮልፌ ገበያ ቅቤ የምትነግድ፣ አፏ የማያርፍ የጉራጌ ልጅ።

«ምነው እንደ ዶሮ አንገትሽን አዞርሽ?» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ንጉሥ ሞቷል።»

«የት? መቼ? ሬዲዮው ምንም አላለም!»

ድሮ ነው አልኳት። በዓለም ላይ በአንድ ወር ውስጥ የሆነውን ሁሉ የሚተርክ ገጽ ነበር፤ ወሩ ግንቦት፣ ዓመቱ 1910። አቤት የዚያ ወር ጉድ! የእንግሊዝ ንጉሥ ሞተ፤ ዘጠኝ ነገሥታት በፈረስ ሆነው ቀበሩት። የሟቹ ትንሽ ውሻ ከሬሳው ኋላ፣ ከነገሥታቱ ሁሉ ፊት ሄደ።

«ውሻው ነገሥታቱን ቀደመ?» አለች ጎረቤቴ።

አማቴ ከተቀመጡበት ሆነው «ታዲያስ! ከልቡ ያዘነለት እሱ ይሆናላ» አሉ።

ቀጠልኩ። አንድ ሰው ያኔ ገና በተሠራው አውሮፕላን ወንዝ ተከትሎ ከከተማ ከተማ ሄደ። በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ነጮች ለብቻቸው መንግሥት አቆሙ፤ ያ ሬዲዮናችን ጠዋት ማታ የሚያወግዘው መሆኑ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚያው ወር ጭራ ያለው ኮከብ በሰማይ ታየ። ሰው በጭራው መርዝ እንሞታለን ብሎ ፈራ፤ ብልጦች ደግሞ የኮከብ መከላከያ ኪኒን ሸጡ።

«ለኮከብ ኪኒን!» ጎረቤቴ ጭኗን መታች። «እኔ ሞኟ ቅቤ ተሸክሜ እንከራተታለሁ!»

አማቴ ግን አልሳቁም። ከመደቡ ተነሥተው መጡና እጃቸውን ግድግዳው ላይ አደረጉ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። «ጭራ ያለው ይላል?» ይላል አልኳቸው። «እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! ሕልም አይደለማ!» ዘጠኝ ነገሥታትና አንድ ውሻ የት እንደገቡ እንጃ፣ ቤቱን እልልታ ሞላው።

በዚህ መሃል ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። እሷም አንገቷን አጣምማ አነበበችና የመጨረሻውን መስመር እኔ ዘልዬው ኖሮ አገኘችው። ኮከቡ በየሰባ ስድስት ዓመቱ ይመለሳል ይላል!

አማቴ ክንዷን ያዟት። «ይመለሳል? መቼ?»

«በ1910 ላይ ሰባ ስድስት ሲደመር...» በጣቷ አየሩ ላይ ጻፈች። «1986። ስምንት ዓመት ይቀረዋል፣ እማማ።»

«ስምንት ዓመት» አሉ አማቴ። ክንዷን ለቀቁት። «እንግዲያ ስምንት ዓመት የሚጠብቅ ሰው ፈልጉለት።» ወደ አልጋቸው ሄደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማታ ሽሮውንም አልቀመሱ። እንዲያ ተደስተው እንዲያ ሲቀዘቅዙ ማየት ከበደኝ፤ ምነው ባላነበብኩት አልኩ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ልታጫውታቸው መጣች። «እማማ፣ ለመሆኑ ኮከቡን ሲያዩ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«እኔ በቁጥር መች አውቃለሁ። ከአባቴ ትከሻ የማልወርድ ሕፃን ነበርኩ። የኅዳር በሽታ የገባ ጊዜ ግን ታጭቼ ነበር፤ በሽታው ስንቱን ሲጨርስ ሠርጌ ለከርሞ ተላለፈ።»

ልጄ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና አለች። «የኅዳር በሽታ እኮ በ1911 ነው።»

«ታዲያ በ1910 ትከሻ ላይ፣ በ1911 እጮኛ?» ጎረቤቴ ሳቋን ለቀቀችው። «ኧረ እማማ! ከትከሻ በቀጥታ ወደ በቅሎ!»

«አንቺ ባለጌ» አሉ አማቴ፤ ግን እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ልጄ አልሳቀችም። አፏን ከፍታ አንድ ጊዜ ግድግዳውን አንድ ጊዜ እሳቸውን አየች። ከዚያ ደብተሩን ወርውራ ተነሣች። «የፈረንጅ ነው! እማዬ፣ 1910 የፈረንጅ ነው! ከፈረንጅ ጋዜጣ ሲገለብጡት ዓመቱን እንዳለ ትተውታል! በእኛ 1902 ነው!»

«እና?» አልኳት።

«እናማ ሰባ ስድስት ስትደምሪበት 1978! ዘንድሮ ነው! ኮከቡ ዘንድሮ ነው የሚመጣው!»

ያን ዕለት እቤታችን የነበረውን ጩኸት የሰማ ሎተሪ የወጣልን ይመስለዋል። ጎረቤቴ ቅቤዋን ደጃፋችን ፀሐይ ላይ ረስታ ወሬውን ይዛ ወጣች፤ እስክትመለስ ግማሹ ቀልጦ ጠበቃት። ልጄ ሰኞ የጂኦግራፊ መምህሯን ጠየቀችና እየሮጠች ተመለሰች። ኮከቡ መጥቷል! እንዲያውም ሊሄድ ነው። የሚታየው በዚህ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ከመሸ በኋላ፣ በደቡብ በኩል ነው፤ ጨረቃዋ ከሞላች በኋላ በዓይን ማየቱ ያስቸግራል።

ጨረቃዋ ደግሞ መሙላት ጀምራለች። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ የበልግ ዝናብም ሰማዩን ዘጋው። ማታ ማታ አማቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ይቆማሉ፤ ደመና። በማግስቱም ደመና። «እማማ፣ ኮከብዎ አውቶቡስ ሆነ እኮ፣ ሲጠብቁት አይመጣም» ትላቸዋለች ጎረቤቴ። «ይመጣል፣ ጎማው ተንፍሶ ነው» ይላሉ። እንዲህ ይቀልዱ እንጂ ስገባ ከአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ያቺን የተገለበጠች ገጽ በጣታቸው ሲዳስሷት አገኛቸው ነበር። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ኮከቡ የተጻፈበትን ቦታ አሳይቻቸው ነበርና ለይተው ያውቁታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ደመናውን ጠራርጎ ወሰደው። እንዴት ያለ ሰማይ! ከራት በኋላ አማቴን በሁለት በኩል ደግፈን፣ ጎረቤቴም ተከትላን፣ ከቤቶቹ አልፎ ወዳለው ሜዳ ሄድን። ከዚያ ላይ ሆኖ የፉሪ ተራራ ከፊት ለፊት ይታያል። ልጄ ሰማዩን ታስሳለች፤ ምንም የለም። የሰፈሩ መብራት ዓይን ይወጋል።

በዚህ መሃል ከኋላችን የባትሪ ብርሃን መጣ፤ የቀበሌው ጥበቃ ነው።

«ማናችሁ? የምን ስብሰባ ነው በጨለማ?»

«ስብሰባ አይደለም፣ ኮከብ ልናይ ነው» አለች ልጄ።

«የምን ኮከብ? ማን ፈቀደ?»

ያኔ «ማን ፈቀደ» የሚባል ነገር ቀልድ አልነበረም፤ እኔ ልጄን ወደ ኋላዬ ሳብኳት። አማቴ ግን ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ እሱ ከየትኛው ቀበሌ መሸኛ እንዳወጣ እኔ አላውቅም» አሉት። «ሰባ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት እንግዳ ነው። ባትሪህን አጥፋና አብረኸን ተቀበለው።»

ሰውየው ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ወዲያው የሰፈሩ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ! ከኮልፌ እስከ ቀራንዮ አንድ አምፖል የለም። መብራት ሲጠፋ የምንራገም ሰዎች ያን ማታ አጨበጨብን። ጥበቃውም ባትሪውን አጠፋ። ሰማዩ ወደ እኛ የወረደ መሰለን።

«ያውና!» አሉ አማቴ፣ ከሁላችን ቀድመው። ከፉሪ በላይ፣ ትንሽ፣ የተባዘተች ጥጥ የመሰለች ነገር። ቀጥ ብለው ሲያዩዋት ትጠፋለች፤ ጎን ጎኗን ሲያዩ ትመጣለች። ልጄ «እሱ ነው! እሱ ነው!» እያለች ዘለለች። ጥበቃው «የታለ? የታለ?» እያለ በአማቴ ጣት አቅጣጫ ተጎነበሰ። ሲያገኘው «ወይ ጉድ!» አለና ቆቡን አወለቀ።

አማቴ ጎን ጎኗን ደጋግመው አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አወረዱ።

«ይኼ የኔ አይደለም» አሉ።

«እንዴት፣ እማማ?»

«የኔ ትልቅ ነበር። ጭራው እስከ ላይ ይደርሳል። ሲመሽ ሳይሆን ፀሐይዋ እንደገባች፣ ሰማዩ ሳይጠቁር ነው ያየሁት። ደግሞ ጥምቀት ላይ ነው እላችኋለሁ፣ ግንቦት አይደለም!»

እኔ ትከሻቸውን አቅፌ፣ «እማማ፣ ሕፃን ለሆነ ሰው ሁሉም ነገር ትልቅ ነው» አልኳቸው። «ወሩም ይሳሳታል። ይኸው ግድግዳው ራሱ ግንቦት ይላል።»

«ግድግዳው አባቴ ትከሻ ላይ አልነበረም» አሉኝ። ግን አላዘኑም። ወደዚያች ጥጥ ቀና አሉና፣ «ይሁን፣ አንተም ከሩቅ የመጣህ እንግዳ ነህ፤ ባዶ እጅህን አትመለስም» ብለው እልል አሉለት። ጎረቤቴ ተቀበለቻቸው፤ እኔና ልጄም ተቀበልን። ጥበቃው «ኧረ ቀስ፣ ሰው ይሰማል» እያለ እሱም ይስቃል። ከየቤቱ ሰው ወጣ፤ ሜዳው ሞላ። ያን ጊዜ ያለ ጥሪ እንደዚያ ተሰብስበን በሳቅ የተለያየንበት ሌላ ማታ አላስታውስም።

አማቴ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ኖረው በሰላም አረፉ። እስከመጨረሻው «እንግዳውን አይቼዋለሁ፣ የኔን ግን አላየሁትም» ይሉ ነበር። እኛም እሺ እንላቸዋለን፤ ከእሺታችን ኋላ ግን እርጅና ነው እያልን እናልፈው ነበር። ያ ቤት ፈርሷል፤ ግድግዳውም ከነነገሥታቱ ከነውሻው አፈር ሆኗል።

አምና፣ ዩኒቨርሲቲ የገባው የልጅ ልጄ ይኼን ታሪክ ስነግረው ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ከዚያ አነበበልኝ። በ1902 በሰማይ የታየው ጭራ ያለው ኮከብ አንድ አልነበረም። ሁለት ነበሩ። በግንቦት ከታየው፣ በየሰባ ስድስት ዓመቱ ከሚመለሰው በፊት፣ ማንም ያልጠበቀው ሌላ መጥቶ ነበር። ከሁለተኛው እጅግ የደመቀ ስለነበር በፀሐይ ብርሃን ሳይቀር አይተውታል፤ በሰው ዕድሜም ተመልሶ አይመጣም። የታየው በጥር ነው፤ በጥምቀት ሰሞን፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ በምዕራብ በኩል።