ግማሽ የዳነ ጉልበት

አምቦ ያደገ ሰው ሕመሙን ሁሉ ይዞ ወደ ፍልውሃ ነው የሚሮጠው። ወገብ ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን፣ ኩርፊያም ቢሆን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ግባና ተዘፍዘፍ። እናቴም ከጉደር በሰው ትከሻ ተደግፌ ስመጣ ሌላ አላሰበችም። እዚያ ኳስ ስንጫወት በቴስታ ለመምታት ዘልዬ በአንድ እግሬ ስወርድ ጉልበቴ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ነበር።

ከዚያ ቀን በልቤ የቀረው የፍልውሃው እንፋሎት ነው። ሰውነቴ ክብደት አልነበረውም። አማርኛና ኦሮምኛ የተቀላቀለበት ወሬ ከሩቅ ይሰማኛል፤ ማን እንደሚያወራ አይታየኝም። ሕመሙ ራሱ የሌላ ሰው መሰለኝ። ምን ልዋሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ጉልበቴ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ አደረ።

ሆስፒታል ያየችኝ ነርስ እናቴን ተቆጣቻት። ትኩስ ጉዳት በሙቅ ውሃ ሲነካ እብጠቱ ይብሳል አለች። መጀመሪያ ዕረፍት፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅና ፋሻ፤ እግርንም ትራስ ላይ ከፍ ማድረግ ነው። ፍልውሃው እብጠቱ ሲጎድል ይደርሳል። እኔን ደግሞ ጉልበቴን ወደ ኋላ ገትሬ እንዳልቆም አስጠነቀቀችኝ።

«ጉልበትህን የሚይዝልህ ጭንህ ነው» አለችኝ። «ሲሻልህ ጭንህን ካላጠነከርክ፣ ይኸው ጉልበት ሲከዳህ ይኖራል።»

እኔ ከኳስ ሌላ ምን ነበረኝ? ወንበር ላይ ተቀምጬ አሸዋ የሞላ ካልሲ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስራለሁ፤ እግሬን አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። እናቴ ፊት ለፊቴ ምስር እየለቀመች ትቆጣጠረኛለች። ስቸኩል «ሱታ!» ትለኛለች፣ ቀስ በል ማለቷ ነው፤ ስትቆጣ ኦሮምኛው ይቀናታል። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉን ቀስ እያለች ታቋርጣለች፤ ውጭ ጋሪ ያልፋል። ዓይኔን ስጨፍን ሜዳው ይመጣል፤ እየሮጥኩ ነው፣ እግሬም መሬት አይነካም። እንደዚያ ወቅት በተስፋ የተሞላሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ አፈሳው መጣ። ለውትድርና የደረሰ ልጅ ከየመንገዱ ይወሰድ ጀመር፤ የቡድናችን በረኛ ገበያ እንደወጣ ቀረ። አንድ ከሰዓት እናቴ መጥታ ካልሲውን ከእግሬ ፈታችና አሸዋውን ደጅ ደፋችው።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አለችኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ታነክሳለህ።»

ደሜ ፈላ። ልድን ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ምቀኛዬ አንቺ ሆንሽ ወይ ብዬ ጮህኩባት። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

አነከስኩ። ቀበሌ ጠርተው ቁጢጥ በል ሲሉኝ ግማሽ ላይ ቀረሁ፤ አይተው ሸኙኝ። ማን እንደሚያይ አይታወቅምና ወደ ገበያም ወደ ቤተ ክርስቲያንም አነከስኩ። ረስቼ ቀና ስል እናቴ ከኋላ ትጎሽመኛለች። ዓመታት እንደ ጭጋግ ሄዱ፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ዛሬ አላውቅም። በሜዳው በኩል ሳልፍ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞር ነበር።

መንግሥት የተለወጠ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እናቴ በር ላይ ቆማ በል እስቲ አሁን ቀጥ ብለህ ሂድልኝ አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። ከበሩ እስከ አጥሩ ልሄድላት ተነሣሁ። ጭኔ ከስቶ ኖሯል፤ አጥሩ ጋ ሳልደርስ ጉልበቴ ወደ ኋላ ሸሸ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ዞሬ ሳያት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ከዚያ መጥታ ትከሻዋን ከብብቴ ሥር አስገባችና አነሣችኝ።

«ይሁን ልጄ» አለች። «እያነከስክም ቢሆን የምትገባው እኔ ቤት ነው።»