የነካሁት ፈረስ

ይህን ነገር ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አያውቀውም። በጸሎት ቡድናችን ውስጥ ስለ ድካሜ ሳወራ እንኳ ይችን አንዷን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። አሁን እናንተ ስሙኝ፤ ስትሰሙም አትዘኑልኝ።

ማርታ ጓደኛዬ ነበረች። እሷ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ስልክና የስልክ ዕቃ ትሸጥ ነበር፤ እኔ ኮሌጅ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ባህል አዳራሽ አካባቢ በነበረው የቼዝ ክለባችን እንገናኛለን። ሴቶቹ ጥቂት ስለነበርን አብዛኛውን ጊዜ የምንጫወተው እርስ በርሳችን ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አንነሳም፤ ጠጠሮቹን መልሰን ደርድረን የተሸነፈችው የት ላይ እንደተሳሳተች እስክናገኝ ድረስ እንደገና እንሄድበታለን። “እዚህ ጋ ነው ያበላሸሽው” ትለኛለች ማርታ፣ ምንም ሳታለሳልስ። ያናድደኛል። ግን ሁለታችንም ጎበዝ የሆንነው በዚያ ነው።

አንድ ዓመት፣ ከተማችንን ወክላ አገር አቀፍ ውድድር የምትሄደው ሴት ስትመረጥ መጨረሻ ላይ እኔና እሷ ቀረን። ሌሎቹ ምሳ ወጥተው ነበር። ዳኛችን ጋሽ ዮሐንስ በሩ ጋ ጀርባቸውን ሰጥተውን ስልክ ያወራሉ። ጨዋታው ወደ እኔ አጋድሏል፤ ደስ አለኝና ቸኮልኩ። እጄን ዘርግቼ ፈረሴን ያዝኩት። ያኔ ነው ያየሁት፦ ፈረሱ ከዚያ ከተነሳ የማርታ ንግሥት ገብታ ንጉሤን ማት ታደርገዋለች፤ ተሸነፍኩ ማለት ነው። በቼዝ ሕግ ደግሞ የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ለቀቅኩት። እጄን መልሼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

“ነክተሽዋል” አለች ማርታ በቀስታ።

“አልነካሁም።”

ጋሽ ዮሐንስን ጠራቻቸው። መጥተው መነጽራቸውን አወለቁና አዩኝ። “አስቴር ልጄ፣ ፈረሱን ነክተሻል?”

“አልነካሁም ጋሼ። እርስዎ ያውቁኛል አይደል?”

ያችን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ማን አስጨመረኝ? ውሸቱ ብቻውን አይበቃም ነበር? ምስክር አልነበረም፤ “እንግዲያው ቀጥሉ” አሉ። ማርታ ተረብሻ ብዙም ሳትቆይ ግንብ የሚባለውን ጠጠሯን እንዲሁ በከንቱ አስበላች። አሸነፍኩ። ጨበጠችኝና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ክለቡ ውስጥ “ማርታ መሸነፍ አትችልም፣ የሰው ስም ታጠፋለች” ተባለ። እኔ ምን አልኩ? “ተዉአት፣ ተናዳ ነው” አልኩ። በደግ ሰው ድምፅ ነው ያልኩት። ጋሽ ዮሐንስ ደግሞ መንገድ ላይ አስቁመውኝ “በዚያ ቀን እንደዚያ ስለጠየቅኩሽ ቅር እንዳይልሽ” አሉኝ። “ምንም አይደል ጋሼ” ብዬ ይቅር አልኳቸው። እኔ፣ እሳቸውን።

ማርታ ክለቡን ተወችው። እኔ አገር አቀፉ ውድድር ላይ ክፉኛ ተሸነፍኩ። ስመለስ እንደ ድሮው ጠጠሮቹን ደርድሬ ስህተቴን ልፈልግ ተቀመጥኩ፤ አልቻልኩም። የትኛውንም ስህተት መፈለግ ስጀምር ወደዚያ ፈረስ ነበር የሚወስደኝ። ስለዚህ መፈለግ አቆምኩ። ስህተቷን ማየት የማትፈልግ ተጫዋች ደግሞ ባለችበት ነው የምትቀረው። ውሎ አድሮ እኔም ተውኩት።

ባለፈው ክረምት መናኸሪያ ባጃጅ ስጠብቅ ማርታን አየኋት። ሰላም ሳልላት “ነክቼው ነበር” አልኳት። ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም።

“እኔ እኮ በኋላ ላይ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር” አለች። “ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል እያልኩ። አሁንም ያየሁትን ነገር አይቻለሁ ብዬ ለመናገር እፈራለሁ።”

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ። “ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ እዚያው ነበርኩ። ለነሱ፣ ለክለቡ ሰዎች ንገሪያቸው።” ባጃጅ ይዛ ሄደች።

ጨዋታ የሰረቅኳት ይመስለኝ ነበር። የወሰድኩባት ግን በገዛ ዓይኗ ላይ የነበራትን እምነት ነው። ይህን እንዴት ነው የምመልሰው?

ይህን ስጽፍ መጀመሪያ ላይ “ልጅ ነበርኩ፣ ቸኩዬ ነው” የሚል ነገር ነበረበት። አጠፋሁት። ቸኩዬ ያደረግኩት ፈረሱን መንካቴን ነው። የዋሸሁት ግን አስቤ፣ ዓይኗን እያየሁ ነው።

ጋሽ ዮሐንስ፣ ይቅርታዎን የተቀበልኩት የማይገባኝ ሆኖ ሳለ ነው። እናንተ ያኔ ክለቡ ውስጥ የነበራችሁ፣ እውነቱን የተናገረችው ማርታ ናት። ስታገኟት ይህንኑ ንገሯት፤ ከእኔ አፍ ብቻ መስማቷ አይበቃትም።