ለውድድር የተራቆተችው ታክሲያችን

በደርግ ጊዜ፣ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ፣ ቤታችን የሚተዳደረው ልጄ በሚነዳት ትንሽ ታክሲ ነበር። የምንኖረው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። አንድ ቀን ልጄ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ያራቁታት ጀመር። የኋላ ወንበሯን አወጣ፤ ከሾፌሩ ጎን ያለውንም ነቀለ፤ ትርፍ ጎማውና ክሪኩ ሳይቀሩ ሳሎን ገቡ።

“ምን ሆነህ ነው?” አልኩት።

“ቀለል እንድትል ነው፣ እማዬ። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ውድድር አለ።”

በርሜሎች ይደረደራሉ፤ ሾፌሩ በመካከላቸው እየተጠማዘዘ ይነዳና መጨረሻ ላይ በሁለት መስመሮች መሃል ይቆማል። መስመሩን ያለፈ ይወድቃል፤ ፈጥኖ የጨረሰ ያሸንፋል።

“ብትገለበጥስ?”

“አብሽሪ። ጎማውንም ፍሬኑንም መካኒክ አይቶታል።”

ያለኝ ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። የውድድሩ ዕለት እኔም እሄዳለሁ ብዬ፣ ወንበሩ በነበረበት ባዶ ቆርቆሮ ላይ አጎዛ አንጥፌ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሳቀብኝ፤ አልወረድኩም።

ያኔ ቤንዚን የሚሸጠው በኩፖን ስለነበር፣ የደሴ ሾፌሮች የኮምቦልቻን ቁልቁለት የሚወርዱት ማርሽ አውጥተው በፎሌ ነበር። ሞተሩ ስለማይዛት መኪናዋን የሚገታት ፍሬኑ ብቻ ነው። ልጄም ለውድድሩ ቤንዚን እንዲተርፈው እንደዚያው አደረገ። “በማርሽ ውረድ” ስለው “ሁሉም እንዲህ ነው የሚወርደው” አለኝ። በየመታጠፊያው በሩን ጨብጬ ያ አላህ እላለሁ። ወደ ታች ስንቃረብ የሚያርር ነገር ሸተተኝ። ወለል ላይ ስለተቀመጥኩ እግሩ ፊት ለፊቴ ነው። ፍሬኑን ሲረግጥ አልያዘለትም፤ ደግሞ ረገጠ፤ ደጋግሞ ሲረግጥ በግድ ያዘለት።

ሜዳው እንደደረስን ተራው ሆነ።

“ውረጂ፣ እማዬ።”

“አልወርድም።”

ከሰዉ መሃል አንዱ “ወንበሩን አውጥቶ እናቱን ጫነ!” ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ባንዲራ የያዘው ዳኛ መጥቶ ጎንበስ አለ። “እናቴ፣ የሚፈቀደው ለሾፌሩ ብቻ ነው። ይውረዱ እንጂ።”

ልጄ በላብ ተጠምቆ “መሳቂያ አደረግሽኝ እኮ” አለኝ በሹክሹክታ።

“እግርህን አይቻለሁ። ወላሂ ፍሬኑ ሳይበርድ ከዚህ አልነሳም።”

ወርዶ እጁን ወደ ጎማው ብረት አስጠጋና ቶሎ መለሰው። ከዚያ ራሱ ዳኛውን መጨረሻ እንዲያደርገው ለመነው።

ሌሎቹ ሲነዱ መኪናዋ ጥላ ስር ቆየች።

“ውሃ ላፍስበት?”

“ብረቱ ይሰነጠቃል! አርፈሽ ተቀመጪ።”

ተራው ሲደርስ፣ እኔን እንደያዘ ትንሽ ነዳና ፍሬኑን ረገጠ። ቀጥ ብላ ቆመች። ያኔ ወረድኩ።

በርሜሎቹን ሲዞር አላየሁም፤ ሻሼን ፊቴ ላይ ጥዬ ነበር። የሞተሩ ድምፅ ሲቀርብ ገለጥኩት። መኪናዋ አቧራ እያስነሳች ተንሸራተተች፤ በፊት ጎማዎቿ የመጨረሻውን መስመር አልፋ ቆመች።

“አልሐምዱሊላህ!” ብዬ ጮህኩ።

ልጄ በመስኮት አንገቱን አወጣ። “መስመሩን አልፌያለሁ እኮ! ወድቄያለሁ! ምኑ ነው አልሐምዱሊላህ?”

በሩን ከፍቼ ትከሻውን፣ እጁን፣ ጉልበቱን ዳሰስኩ፤ እሱ “ኧረ ሰው ያያል” እያለ ይገፋኛል።